ጠረጴዛዬ የእናቴ የስፌት መኪና ነው፤ የትኛውን የጌም ላፕቶፕ ልግዛ?

የሆጤዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደሴ ነው፤ ሆጤ አካባቢ እኔና እናቴ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እንዳትስቁብኝ አስቀድሜ ልናገር፦ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ጌም ደግሞ ነፍሴ ነው። የእግር ኳሱንም የመኪና ውድድሩንም እጫወታለሁ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣና ሁለታችን ጆይስቲክ ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት እንጫወታለን። እንጫወት ነበር ማለት ይሻላል፤ ላፕቶፔ ሞቷል። ሲከፈት ይከፈታል፣ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል።

ክፍላችንን በእናቴ ሜትር ስለካው 3 ሜትር ከ10 በ2 ሜትር ከ80 ሆነ። ውስጡ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ የቡና ዕቃ፣ ሦስት የውሃ ጀሪካን እና የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ጠረጴዛ የለንም፤ ቢኖረንም የምናስቀምጥበት የለም። እናቴ ማታ 2 ሰዓት ላይ መቀሷን ስትሰቅል የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ወደ እኔ ይዞራል። የመኪናው ራስ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ዓይነት ስላልሆነ እንደቆመ ያድራል። ከመርፌው ወደ ግራ የሚተርፈኝ ወርዱ 41 ሳንቲሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ 43 ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ ኋላ ግድግዳ ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ላፕቶፑ ከነገመዱ ቁም ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ የመደርደሪያው ወርድ 34 ሳንቲሜትር ነው።

ዕቁብ ወጥቶልኝ 150 ሺህ ብር ይዣለሁ። ከዚያ በላይ ሳንቲም የለኝም። በዚህ ገንዘብ የሚሆኑ ሦስት ላፕቶፖች አግኝቻለሁ። አንደኛው ከዱባይ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ባለ 17.3 ኢንች ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም የጨዋታውን ምስል የሚስለው ክፍል፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 6 ጊጋባይት። ሻጩ የባልደረባዬ ዘመድ ስለሆነ ዋጋው ላይ ይለሰልስልኛል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ሌኖቮ ሎክ ባለ 15.6 ኢንች፣ አርቲኤክስ 4050 ባለ 6 ጊጋባይት፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ግን 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሦስተኛው ያገለገለ አሱስ ዜፊረስ ጂ14፣ እ.ኤ.አ. የ2021 ሞዴል፣ ባለ 14 ኢንች፣ እሱም 3060 አለው።

ቀልቤ ወደ ትንሹ ያደላል፤ ቦታ የለኝማ! ነገር ግን አንድ ጊዜ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። የሞተውን ላፕቶፕ የዛሬ ሦስት ዓመት ስገዛ ሻጩ «የጌም ነው፣ ይኸው የኤንቪዲያ ምልክት ተለጥፎበታል» ብሎ ነው ያስያዘኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ኤምኤክስ 250 የሚባል የኤንቪዲያ ደካማ ካርድ ሆኖ ተገኘ፤ 2 ጊጋባይት። በእግር ኳሱ ተመልካቹን ሁሉ አጥፍቼ፣ ሣሩን አደብዝዤ፣ ኳሷ ራሷ እየዘለለች ነበር የምትሄደው።

ሁለት ነገር ደግሞ ከቦታው በላይ ያስጨንቀኛል። እናቴ የምትተኛው ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ርቃ ነው፤ እንቅልፏም የወፍ እንቅልፍ ነው። አከራያችን ሐጂ ደግሞ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ «ይኼ የጨዋታ ኮምፒውተር መብራት ይበላል አሉ» ማለት ጀምረዋል። ገና ሳልገዛው!

ምን ትመክሩኛላችሁ?


ሐረጎ ቁልቁለት፦

ያለ ምንም ማቅማማት 17.3 ኢንቹን ግዢ። ጌም ማለት ስክሪን ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ በ14 ኢንች ኳስ ሲጫወት ተጫዋቾቹ ጉንዳን ነው የሚያክሉት። ትልቅ ላፕቶፕ ሰፊ ፋን አለው፣ ሙቀቱንም ይችላል። ቦታ ቦታ የምትይው ደግሞ ሰው ከተጨነቀ የማያገኘው ቦታ የለም፤ አልጋ ሥር ምን ሆነና?


የሆጤዋ፦

አልጋ ሥር የእናቴ የጨርቅ ጥቅልሎች ናቸው፤ የእኔ አልጋ ሥር ደግሞ እኔ ያላወቅኳቸው የእናቴ የጨርቅ ጥቅልሎች ናቸው።

17.3 ኢንቹን ትናንት ሄጄ ለካሁት። ወርዱ 40 ሳንቲሜትር ነው። ጠረጴዛው ላይ ይገባል፣ ግን ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሳንቲሜትር ነው የሚተርፈው፤ በቀኝ ጎኑ ያለው የአየር መውጫ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ራስ ይተነፍሳል። ክብደቱም ከነአዳፕተሩ የስድስት ወር ሕፃን የመታቀፍ ያህል ነው። እሑድ እሑድ ወንድሜ ዘንድ ኮምቦልቻ ይዤው ልውረድ ብል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሐረጎን ስጠማዘዝ ታየኝና ተውኩት።


አልጋ ላይኛው፦

እኔ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ቦታ ስለማጣት ከሆነ ወሬው፣ የተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ነው የምኖረው። ላፕቶፔ ባለ 15.6 ኢንች ነው፣ ጂቲኤክስ 1650 አለው።

አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ፤ ይህን የተማርኩት ጭኔን አቃጥዬ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጬ ተጫወትኩ። ጨዋታው አሥር ደቂቃ በደንብ ይሄድና ከዚያ ልክ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጋሪ ይሆናል። ካርዱ ደካማ ስለሆነ መስሎኝ ሁሉንም ነገር ቀነስኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ለካ የጌም ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሆዱ ነው። ብርድ ልብሱ አፍንጫውን ይዞት ነበር። ሙቀቱ ሲያልፍበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አናጺ ቤት ሄጄ የተጣለ ጣውላ በነፃ አገኘሁ፣ አራት የጠርሙስ ክዳን ከሥሩ ለጠፍኩበት፣ አበቃ። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ጨዋታ፣ ሌላ ማሽን።

ስለዚህ ስንት ኢንች ነው ከማለት በፊት አየር በየት ገብቶ በየት ይወጣል ብለሽ ጠይቂ። በአንቺ ቦታ ብሆን ከኋላ ብቻ የሚተነፍሰውን ነው የምፈልገው። ግራና ቀኝሽ ጠባብ ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን 43 ሳንቲሜትር አለሽ።


ብሎንና መፍቻ፦

ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ዕድሜዬም ከእናንተ ይልቅ ለእናቷ ይቀርባል። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ኢንች ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ዓይኔ የሄደው «የልብስ ስፌት መኪና» የሚለው ላይ ነው።

ልጄ፣ የአንቺ ጠላት የቦታ ጥበት አይደለም፤ የክር ብናኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ልብስ ሰፊ «ዘፈን ስከፍትበት ይጠፋል» ብሎ ላፕቶፑን አመጣልኝ። ከሥር ከፈትኩት። በፋኑና ሙቀት በሚያስወጣው የመዳብ ክንፍ መካከል ብናኙ ተደራርቦ ባና ሆኗል። በመቆንጠጫ ይዤ ስስበው ሳይበጠስ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ወጣ። አቧራ ቢሆን ኖሮ በነፋስ ይበተን ነበር፤ የስፌት ብናኝ ግን የስፌት መኪና ዘይት ስለሚነካው እርስ በርሱ ይያያዛል። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ዘይትና ብናኝ ሌሊት ወደ አንቺ ላፕቶፕ ሆድ ይገባል። አሁን ሞተ ያልሽው ላፕቶፕ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጥፋቱም ይህንኑ ነው የሚመስለኝ። ከመጣልሽ በፊት አስከፍቺው።

ከፍታውም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ ደግሞ 1850 ገደማ ላይ። ደሴ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። እናትሽ ባቄላ ስትቀቅል ኮምቦልቻ ካለችው እህቷ ይልቅ ለምን እንደምትዘገይ ጠይቂያት፤ ውሃው ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ነው። ፋንም እንዲሁ ነው፤ ያንኑ ያህል ቢሽከረከር የሚያሳልፈው አየር ቀለል ያለ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ እስከ 3048 ሜትር ይሠራል ብለው ስለሚጽፉ ደሴ ላይ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ፋኑ ቀደም ብሎ ይጮኻል ማለቴ ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ በሌላ በኩል ይክሳል፤ እኔ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሱቄ ውስጥ የምሞክረው ላፕቶፕ አንቺ ማታ ከምታገኚው ሙቀት በላይ ነው የሚያገኘው።

አሁን ወደ ሦስቱ ልምጣ። 17.3 ኢንቹ ከቦታሽ ጋር እንደማይስማማ ራስሽ አይተሽዋል። 14 ኢንቹ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብረቱም ሥራውም ያምራል፣ 1.7 ኪሎ አይሞላም። ነገር ግን 3060 የሚለው ስም እንዳያታልልሽ። ኤንቪዲያ ይህን ካርድ በላፕቶፕ ውስጥ ከ60 እስከ 115 ዋት እንዲሠራ ነው የፈቀደው። በዚያ በቀጭኑ አካል ውስጥ መነሻው 60 ነው፣ ሲገፋ 80 ይደርሳል። በ17.3 ኢንቹ ውስጥ ያለው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጉልበቱ ሌላ ነው። በተጨማሪም ከራሙ ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ የምትቀይሪው አንዱን ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ የ2021 ጂ14 ካሜራ የለውም። ሻጩ ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ፣ ተበላሽቶ አይደለም፣ ከነጭራሹ አልተሠራለትም።

ስለ ድምፁ። ማዳመጫ አድርገሽ ስትጫወቺ እናትሽ የጨዋታውን ጩኸት አትሰማም፣ ፋኑን ግን ትሰማለች፤ እንዲያውም አንቺ ስለማትሰሚው ምን ያህል እንደሚጮኽ አታውቂም። መድኃኒቱ ደካማ ማሽን መግዛት አይደለም። ደካማው ኳስ ለማጫወት ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፣ ይግላል፣ ይጮኻል። ጠንካራውን ገዝተሽ ልጓም አድርጊለት። በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ውስጥ «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚል አለ፤ በሰከንድ የሚሳለው ምስል ጣሪያ ነው፤ 60 ላይ እሰሪው። ስክሪኑ በሰከንድ 144 ምስል ማሳየት ስለሚችል ካልታሰረ ማሽኑ በሰከንድ የቻለውን ያህል ምስል ለመሳል ይደክማል። ለእግር ኳስ 60 ይበቃሻል። ካርዱ በግማሽ ጉልበቱ ሲሠራ ፋኑም ያንሾካሹካል።

እኔ ብሆን ሎኩን እገዛለሁ። ገና ካርቶኑ ያልተከፈተ ነው፣ ባትሪው የሰው እጅ አላደከመውም፣ ሙቀቱን ወደ ኋላ ነው የሚያስወጣው፣ ራም የሚገባበት ሁለት ቦታ አለው። 8 ጊጋባይቱ እንዳያስፈራሽ፣ ሌላ 8 ይጨመርበታል። ነገር ግን ቦታሽን እኔ አላየሁትም፤ ለኪ።


ኪሴ ውስጥ፦

ለምን ላፕቶፕ? ስቲም ዴክ የሚባል በእጅ የሚያዝ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 669 ግራም ብቻ ነው። ጠረጴዛም ቁም ሳጥንም አያስፈልገውም። አልጋሽ ላይ ተኝተሽ ትጫወቺያለሽ።


የሆጤዋ፦

አስቤበት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ አይሸጥም፤ ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል? ስክሪኑም 7 ኢንች ነው፣ ሁለት ሰው ምኑን ያየዋል? ወንድሜ ከኮምቦልቻ ድረስ የሚመጣው እኔ ስጫወት ለማየት አይደለም።

ጋሼ ብሎንና መፍቻ፣ እርስዎ የጻፉትን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ባቄላው ላይ ስደርስ «እኔማ የማገዶው ይመስለኝ ነበር» አለች። ካሜራ የለውም ያሉኝ ደግሞ ነገሩን ቆረጠው። ታላቅ እህቴ ጂዳ ናት፤ እናቴ በስልክ ስክሪን ስታያት ዓይኗ ስለሚደክም ዓርብ ዓርብ በላፕቶፕ ነው የሚተያዩት። ካሜራ የሌለው ላፕቶፕ እዚህ ቤት ቢገባ ከእኔ ጋር አብሮ ነው የሚባረረው።

የቀረኝ ቁም ሳጥኑ ነው። የሎኩ ወርድ 36 ሳንቲሜትር ነው ይላሉ፣ መደርደሪያዬ 34። በሁለት ሳንቲሜትር ምክንያት ይቅርብኝ? ትናንት ማታ ካርቶን በልኩ ቆርጬ ስሞክር በጎን አልገባ፣ ቀና ቢል አልቆም፣ ስታገል እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ዝም ብላ ታየኝ ነበር። በመጨረሻ «ጨርቅ አልደርስ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ታዞሪዋለሽ» አለች። ካርቶኑን በጠባቡ በኩል አዞርኩት። 26 ተኩል ሳንቲሜትር! መደርደሪያው ወደ ውስጥ 45 ነው። ገባ፤ ለአዳፕተሩም ቦታ ተረፈ። ደም ስለካ የምውል ሰው ነኝ ብዬ ለማንም ባልናገር ይሻላል።


ቆጣሪ፦

የሐጂን ነገር ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልሞክር። ላፕቶፑ በልጓም ሲሠራ ከሶኬቱ የሚወስደው 120 ዋት ገደማ ነው እንበል። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ወሩን ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታርፊ ብትጫወቺ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ? ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት እንጀራ ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የአንቺ የወር ጨዋታ የአንድ ቀን ጋገራ ነው ማለት ነው። ይህን ለሐጂ ስትነግሪያቸው ግን ባለቤታቸው በሌሉበት ይሁን፤ ነገሩ ወደ ምጣዱ እንዳይዞር።

ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ከደበዘዘም አትደንግጪ። የላፕቶፕ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ባትሪውም መካከል ላይ አለ። በዴስክቶፕ ቢሆን በየጋገራው ሲነሳና ሲወድቅ ታዪው ነበር። መብራት ከነጭራሹ ሲሄድ ግን ጨዋታውን ዝጊው፤ በባትሪ ካርዱ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ባትሪውም ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚያቆይሽ።


ሐረጎ ቁልቁለት፦

ያው የእኔን ምክር ማንም አልሰማም። 15.6 ኢንችም ቢሆን ከ14 ይሻላል፤ በዚህ ተጽናንቻለሁ። ስትገዢው ግን ሱቁ ውስጥ እያለሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ የካርዱ ስምና ጊጋባይቱ ይታያል። የተለጠፈ ምልክት ማንም ያትማል፣ ይህን ግን እዚያው ቆሞ የሚያትም የለም።


የሆጤዋ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ሎኩን ገዛሁት። ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ አብሬው ሄጄ፣ የእናቴን ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ። ሻጩ ላፕቶፑን በስፌት ሜትር ስለካ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ ይሳቁ። ታስክ ማናጀሩን ስከፍት ግን ሳቁ ቆመ። አርቲኤክስ 4050፣ 6 ጊጋባይት፤ ልክ ነው። ከ150 ሺሁ ስንት እንደተረፈ እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ አሁን አሁን ይህን ገጽ አንብቢልኝ ማለት ጀምራለች።

የማታው ሥርዓት እንዲህ ሆኗል። እናቴ ስትጨርስ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ በደረቅ። ከላፕቶፑ የኋላ እግሮች ሥር ሁለት ባዶ የክር በከራ እከታለሁ፤ እኩል ቁመት ያላቸውን ለማግኘት የእናቴን ሣጥን አንድ ምሽት ሙሉ በረበርኩ። ሆዱ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከኋላው እስከ ግድግዳው አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ተርፏል፤ ግድግዳው ሲነካ ለብ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። በደሴ ብርድ ይህም አይጠላም።

ፍሬሙን 60 ላይ አሰርኩት። ኤፍኤንና ኪው አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ የማብሪያው መብራት ቀለሙን ይቀይራል፤ ቀዩ የጉልበት ነው፣ ነጩ መካከለኛ፣ ሰማያዊው ጸጥተኛው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንድሜ ሳያማክረኝ ቀዩ ላይ አደረገውና ፋኑ አውሮፕላን ሆነ። እናቴ ብርድ ልብሷን ከፊቷ ገልጣ «ማነው ገና የሚሰፋው?» አለች። ሰማያዊው ላይ ስናደርገው ግን እስከ ጠዋት አልነቃችም። ኳሱ በሰማያዊውም ያለ ችግር ይሄዳል። የመኪና ውድድሩ ላይ ጥላውን ትንሽ መቀነስ ነበረብኝ።

ያልጠበቅኩት የማከማቻው ነገር ነው። 512 ጊጋባይት ብለው የሸጡልኝ ሲከፈት 476 ነው የሚያሳየው፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ ብቻ 100 ይፈልጋል። ክፍላችን ጠባብ ነው ስል ውስጡም ሊጠብ መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ራም ለማስጨመር ጋሼ ሱቅ ወረድኩ፤ አሮጌውንም በፌስታል ይዤ። እናቴም ክር ልግዛ ብላ አብራኝ ወረደች። ጋሼ አዲሱን ቀስ ብለው ከፈቱት፣ ባዶውን የራም ቦታ አሳዩኝ፣ ሌላ 8 ገባበት፣ አሁን 16 ነው። አሮጌው ላይ ሲደርሱ ብሎኖቹን ፈትተው ፋኑን አነሱና «ነይ እዪ» አሉን። እንደ ባና ያሉት እውነት ነበር። ውፍረቱ ትንሿን ጣቴን ያክላል። በመቆንጠጫ ስበው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጡት።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ከላይ ያለውን ነካ አድርጋ «ይኼ የመስከረሙ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ ሰማያዊው» አለች። ከሥሩ ነጭ ነበር። «ይኼ የእነ ጥሩ ሠርግ ነው። አሥራ አንድ ቀሚስ።» ከሁሉም በታች ያለውን ቡናማውን ብዙ አየችውና «ይኼንን ግን እኔ አልሰፋሁትም» አለች፤ ጋሼ «እሱ የደሴ አፈር ነው እትዬ» አሏት።

አሮጌው አሁን አምስት ደቂቃም አምስት ሰዓትም ቢበራ አይጠፋም። ኳሷ ግን አሁንም እየዘለለች ነው የምትሄደው። ወንድሜ ወስዶታል።